ጣሪያው አይወጣም፤ ነዳጁ ይወርዳል
በነዳጅ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሰመጠ ተንሳፋፊ ጣሪያ ያለ አደጋ ስለሚነሣበት መንገድ

ጽሑፋችንን በአንድ ቀላል ሙከራ እንጀምር። በሳፋ ውስጥ ውሃ እንሙላና ጠርዙ ከፍ ያለ የቆርቆሮ ትሪ በላዩ ላይ እናስቀምጥ። ትሪው ያለ ችግር ይንሳፈፋል። አሁን ደግሞ በስኒ ውሃ እየቀዳን በትሪው መካከል ቀስ በቀስ እናንቆርቁር። በመጀመሪያ ትሪው ዝቅ ይላል እንጂ አይሰምጥም። ይሁን እንጂ ጥቂት እንኳ ካዘነበለ በላዩ ያለው ውሃ ሁሉ ወደ ዘመመው ጎን ይሮጣል፤ ያ ጎን ይበልጥ ይከብዳል፤ ይበልጥም ይዘማል። የትሪው ጠርዝ ከውሃው ወለል በታች ባለፈባት ቅጽበት ነገሩ ያበቃል፤ ትሪው ወደ ሳፋው ሥር ይወርዳል።

እንግዲህ ይህን ትሪ 80 ሜትር ስፋት ያለው የብረት ጣሪያ፣ ሳፋውን ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሜትር ኩብ ቤንዚን የያዘ ማጠራቀሚያ ታንክ አድርገን እናስበው። ጣሪያው ሲሰምጥ በርካታ ሺህ ሜትር ካሬ ስፋት ያለው የነዳጅ ኩሬ ለሰማይ ተገልጦ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ምን ይደረጋል? ማን ይጠጋዋል? ጣሪያውስ እንዴት ይነሣል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ነው።

ተንሳፋፊ ጣሪያ ለምን አስፈለገ?

ድፍድፍ ነዳጅና ቤንዚን በቀላሉ የሚተኑ ፈሳሾች ናቸው። በማይንቀሳቀስ ጣሪያ በተከደነ ታንክ ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ባዶ ቦታ ይኖራል። ያ ቦታ በነዳጅ ተንና በአየር ድብልቅ ይሞላል። ፀሐይ ታንኩን ስታሞቀው ድብልቁ ይለጠጥና በመተንፈሻው ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ አዲስ አየር ይገባል። በዚህ መንገድ ታንኩ እንደ ሰው ደረት እየተነፈሰ ነዳጅ ያባክናል፤ አየሩን ይበክላል፤ ለእሳትም ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል።

ተንሳፋፊ ጣሪያ ይህንን ባዶ ቦታ ያስቀራል። ጣሪያው በቀጥታ በፈሳሹ ላይ ተኝቶ፣ ነዳጁ ሲጨመር ከፍ፣ ሲቀነስም ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በመላው ዓለም ተስፋፍቷል። በብዛት የሚታየው ዓይነት ሁለት ክፍሎች አሉት። መካከሉ 5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው የተበየደ ላሜራ ነው። ዙሪያውን የሚከበው ደግሞ ፖንቱን የሚባል፣ በውስጡ አየር ብቻ ያለበት፣ በብዙ ዝግ ክፍሎች የተከፋፈለ ቀለበት ነው። በጣሪያውና በታንኩ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በማሸጊያ ይዘጋል። በጣሪያው ላይ የሚዘንበው ውሃ ከመካከሉ ተሰብስቦ፣ በነዳጁ ውስጥ በሚያልፍ ተጣጣፊ ቱቦ ወደ ታንኩ ግርጌ ይወርድና በቫልቭ በኩል ወደ ውጭ ይፈስሳል። ታንኩ ሲጎድል ጣሪያው ከወለሉ ጋር እንዳይጋጭም ከሥሩ የብረት እግሮች ተተክለውለታል።

እንዴት ይሰምጣል?

የአርኪሜድስ ሕግ እንደሚያስተምረን አንድ አካል የሚንሳፈፈው ከክብደቱ ጋር እኩል የሆነ ክብደት ያለው ፈሳሽ ከቦታው ሲገፋ ነው። 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ 39 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የአንድ ሜትር ኩብ ቤንዚን ክብደት 740 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ የፖንቱኑን ክብደትና ተንሳፋፊነት ለጊዜው ብንተወው፣ ላሜራው ከቤንዚኑ ወለል በታች 5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ይቆማል። በላዩ 25 ሴንቲሜትር የዝናብ ውሃ ቢተኛበት ግን በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ 250 ኪሎ ግራም ይጨመራል፤ መስመጫውም ወደ 39 ሴንቲሜትር ይደርሳል። 80 ሜትር ስፋት ባለው ታንክ ላይ ይህ ውሃ ከ1,250 ቶን በላይ ይመዝናል።

መሐንዲሶች ይህንን አስበውበታል። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት ደረጃ፣ ጣሪያው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወርድ 250 ሚሊሜትር ዝናብ እንዲሸከም ይጠይቃል። እንዲሁም ሁለት ጎን ለጎን ያሉ የፖንቱን ክፍሎችና የመካከሉ ላሜራ ቢበሱ እንኳ እንዳይሰምጥ ያስገድዳል። ታዲያ ለምን ይሰምጣል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አንድ ትልቅ ጥፋት ሳይሆን የትናንሽ ጉድለቶች ክምችት ነው። የውሃ መውረጃው ቫልቭ ተዘግቶ ይረሳል፤ ወይም መውረጃው በቆሻሻ ይደፈናል። አንድ የፖንቱን ክፍል ዝጎ ቀስ በቀስ ነዳጅ ያስገባል፤ ክዳኑን ከፍቶ የሚመለከተው ግን የለም። ብየዳው በነፋስ መናወጥ ብዛት ይሰነጠቃል። ከዚያ አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ይጥላል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ሃርቪ የተባለው ማዕበል በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ሲወርድ፣ ኔደርላንድ በተባለችው ከተማ አካባቢ በጥቂት ቀናት ውስጥ 1,539 ሚሊሜትር ዝናብ ተለክቷል። ይህ አዲስ አበባ በአንድ ዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። በዚያ ማዕበል በሂዩስተንና በአካባቢዋ ከአሥር በላይ ተንሳፋፊ ጣሪያዎች ዘመው ወይም ሰምጠው ተገኝተዋል።

ሁለት ትምህርቶች

ጣሪያው ሲጓደል ምን ሊከተል እንደሚችል ሁለት ታሪኮች ያስረዱናል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 1983 በብሪታንያ ዌልስ፣ ሚልፎርድ ሄቨን በሚገኝ ማጣሪያ የደረሰው ነው። 78 ሜትር ስፋት ያለውና ወደ 47,000 ቶን ድፍድፍ ነዳጅ የያዘው ታንክ ጣሪያ አልሰመጠም ነበር፤ ነገር ግን ላሜራው ተሰነጣጥቆ ነዳጅ ወደ ላይ ያፈልቅ ነበር። ከአቅራቢያው ካለው 76 ሜትር ከፍታ ያለው የጋዝ ማቃጠያ ማማ የወጡ የጋሉ የካርቦን ቅንጣቶች ይህንን ነዳጅ እንደለኮሱት ይታመናል። እሳቱ ቀኑን ሙሉ ሲነድ ውሎ እኩለ ሌሊት ገደማ አስፈሪው ነገር ተከሰተ። ድፍድፍ ነዳጅ ሲቃጠል ከላይ የሚፈጠረው የጋለ ንብርብር ወደ ታች ይወርዳል፤ በታንኩ ሥር ከተኛው ውሃ ሲደርስ ውሃው በድንገት እንፋሎት ይሆናል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ 1,700 ጊዜ ያህል ስለሚጨምር የሚነደውን ነዳጅ ወደ ሰማይ ይተፋዋል። በዚያ አደጋ ስድስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተጎድተዋል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 2001 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት፣ ኖርኮ በተባለ ሥፍራ የሆነው ነው። አሊሰን የተባለው ማዕበል ያወረደው ዝናብ 82 ሜትር ስፋት ያለውን የቤንዚን ታንክ ጣሪያ በከፊል አሰመጠው። በዚያው ዕለት መብረቅ ወድቆ ታንኩን ለኮሰው። እሳቱ ለ13 ሰዓታት ያህል ከነደደ በኋላ፣ በቂ አረፋና ውሃ ተሰናድቶ ጥቃቱ ሲጀመር በ65 ደቂቃ ውስጥ ጠፍቷል።

ከሁለቱ ታሪኮች የምናገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። የሰመጠ ጣሪያ በራሱ እሳት አይደለም፤ እሳትን የሚጠብቅ ነገር ነው። እሳቱ እስካልመጣ ድረስ ለማሰብ ጊዜ አለ። ያንን ጊዜ በአግባቡ መጠቀም የሠራተኞቹን ሕይወት ይወስናል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ጣሪያው መስመጡ እንደታወቀ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ራቁ» የሚል ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ ተነሥቶ አይበተንም፤ ከታንኩ ጠርዝ ላይ ፈስሶ በመሬት እየተሳበ ወደ ቦዮችና ጉድጓዶች ይገባል። ስለዚህ በነፋሱ አቅጣጫ ያለው ሥፍራ ሁሉ ይለቀቃል፤ ብየዳ ይቆማል፤ ተሽከርካሪ አይቀርብም፤ የጋዝ መለኪያ መሣሪያዎች በዙሪያው ይተከላሉ፤ የመብረቅ ትንበያ በየሰዓቱ ይጠየቃል። ማንም ሰው «ልየው» ብሎ ወደ ታንኩ ጠርዝ አይወጣም።

ሁለተኛው እርምጃ ወደ ታንኩ የሚገባውንና ከታንኩ የሚወጣውን ነዳጅ ማቆም፣ ማማሰያዎቹንም ማጥፋት ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው፤ ይኸውም የዝናብ መውረጃውን ቫልቭ መዝጋት ነው። ጣሪያው ከሰመጠ በኋላ የመውረጃው አፍ በነዳጅ ውስጥ ይሆናል። ቫልቩ ክፍት ከሆነ ውሃ ያወጣ የነበረው ቱቦ ነዳጁን በታንኩ ዙሪያ ባለው ግቢ ላይ ያፈስሰዋል። ዝናብ ሲዘንብ ክፍት መሆን የነበረበት ቫልቭ፣ ጣሪያው ሲሰምጥ መዘጋት ያለበት ይሆናል ማለት ነው።

አረፋው ወዳጅም ጠላትም ነው

ቀጣዩ ጥያቄ የተገለጠውን ነዳጅ እንዴት እንሸፍነው የሚል ነው። የእሳት አደጋ መከላከያ አረፋ በነዳጁ ላይ ተዘርግቶ ትነቱን ያፍናል። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ሌላ የፊዚክስ ሕግ ጣልቃ ይገባል።

አረፋ በአብዛኛው ውሃ ነው። አረፋው ሲፈርስ የውሃ ጠብታዎች በነዳጁ ውስጥ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ሲሰምጡም የኤሌክትሪክ ሙል ያመነጫሉ። ድፍድፍ ነዳጅ ኤሌክትሪክን በመጠኑ ስለሚያስተላልፍ ሙሉ ቶሎ ይበተናል። እንደ ቤንዚን ያለ የተጣራ ነዳጅ ግን ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያስተላልፍ ሙሉ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻም ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። የነዳጅ ተንና የአየር ድብልቅን ለመለኮስ 0.25 ሚሊጁል ያህል ጉልበት ይበቃል። ደረቅ በሆነ አየር ከምንጣፍ ላይ ተነሥተን የበር እጀታ ስንነካ የሚቆነጥጠን ብልጭታ ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊበልጥ እንደሚችል ልብ ይሏል።

ስለዚህ አረፋ የሚረጨው እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። በነዳጁ መካከል በኃይል አይወረወርም፤ በታንኩ ግድግዳ ላይ እያረፈ በቀስታ እንዲወርድ ይደረጋል። አንዴ ከተጀመረም መላውን ወለል እስኪሸፍን ድረስ አይቋረጥም፤ ምክንያቱም በከፊል የተሸፈነ ነዳጅ ሙልም ተንም በአንድነት ያሉበት ሥፍራ ነው። በዚህ ምክንያት ቤንዚንን በመሰሉ ፈሳሾች ላይ አረፋ መርጨት አለመርጨቱ ራሱ በጥንቃቄ የሚወሰን ጉዳይ ነው። የመብረቅ ሥጋት ሲኖር ውሳኔው ወደ አንድ በኩል፣ ሰማዩ ጠርቶ ተኑ በአካባቢው ካልተከማቸ ወደ ሌላው በኩል ሊያዘነብል ይችላል።

ጣሪያውን ለምን ጎትተን አናወጣውም?

ብዙ ሰው የሰመጠ ነገር ሲያይ በገመድ ጎትቶ ማውጣትን ያስባል። እስቲ እናስላው። 80 ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ ብቻውን ወደ 197 ቶን ይመዝናል። በቤንዚን ውስጥ ሰምጦ የሚያገኘው ሽቅብ ግፊት ከዚህ ላይ የሚቀንሰው 18 ቶን ያህል ብቻ ነው። ነዳጅ የሞላው ፖንቱን ሲጨመርበት ሸክሙ ይብሳል። በተጨማሪም የላሜራው ስፋት ከውፍረቱ 16,000 ጊዜ ይበልጣል። በዚህ መጠን የተጋገረ እንጀራ ቢኖር ውፍረቱ ከፀጉር ያንሳል። እንዲህ ያለውን ነገር ከጥቂት ነጥቦች አንጠልጥሎ ማንሣት ማለት መቅደድ ማለት ነው፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ ደግሞ ብልጭታ ይወለዳል።

ሌላው ሐሳብ በፖንቱኖቹ ውስጥ አየር በግፊት ነፍቶ ጣሪያውን ማንሳፈፍ ነው። ነገር ግን ነዳጅ በገባበት ዝግ ክፍል ውስጥ አየር መንፋት በእጅ ፈንጂ እንደ መሥራት ይቆጠራል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ጥያቄውን ይገለብጡታል። ጣሪያውን ወደ ነዳጁ ወለል ከማውጣት ይልቅ ነዳጁን ከጣሪያው በታች ያወርዱታል። ጣሪያው ባለበት ይቆያል፤ የሚንቀሳቀሰው ፈሳሹ ነው።

ይህም ቢሆን በችኮላ አይሠራም። በመጀመሪያ ጣሪያው በምን ሁኔታ እንደተኛ መታወቅ አለበት። የታንኩ ንድፎች ይወጣሉ፤ ከጣሪያው ጋር የተያያዘው ተንቀሳቃሽ መሰላል የያዘው ማዕዘን ከሩቅ ይጠናል። ጣሪያው በእግሮቹ ቆሟል? ወይስ አንድ ጎኑ በግድግዳው ወይም በመሪ ምሰሶው ተይዞ በአየር እንደተንጠለጠለ በር ዘምሟል? የተንጠለጠለ ከሆነ ነዳጁ ሲወርድ ድጋፉን ያጣና በድንገት ሊናድ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ነዳጁ በመደበኛው መውጫ በኩል በዝግታ ወደ ሌላ ታንክ ይተላለፋል። ተቀባዩ ታንክ ባዶ ከሆነ፣ የመግቢያው ቱቦ በፈሳሽ እስኪሸፈን ድረስ ፍሰቱ በሰከንድ ከ1 ሜትር እንዳያልፍ ይደረጋል፤ ፍጥነት የኤሌክትሪክ ሙል ያመነጫልና። ቱቦዎቹና ፓምፖቹ ሁሉ እርስ በርሳቸውና ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዛሉ። ሠራተኞቹ ጥቂት ካወረዱ በኋላ ቆም ብለው ይመለከታሉ፤ የብረት ድምፅ ከተሰማ ወይም መሰላሉ ከተንቀሳቀሰ ሥራው ይቋረጣል።

በመጨረሻ ላሜራው ላይ፣ ልክ በሳህን እንደቀረ መረቅ፣ ከታችኛው መውጫ ሊደርስ የማይችል ነዳጅ ይቀራል። እዚህ ላይ ያ የዝናብ መውረጃ እንደገና ያገለግላል። ቱቦው ካልተበጠሰ ቫልቩ ከዝግ መስመር ጋር ተገናኝቶ በላሜራው ላይ የተኛው ነዳጅ በእርሱ በኩል ይወጣል። አስፈላጊ ሲሆን ከታች ውሃ ይገባል፤ ውሃው ከነዳጁ ስለሚከብድ ከሥር ተኝቶ ቀሪውን ነዳጅ ወደ መውጫው ከፍ ያደርገዋል። ነገር ግን ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ የታንኩ መሠረት ሸክሙን መቻሉ አስቀድሞ ይሰላል።

አደገኛው መካከል

አንባቢያችን ነዳጁ ሲያልቅ አደጋውም ያለቀ ሊመስለው ይችላል። እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የቤንዚን ተን የሚቀጣጠለው በአየር ውስጥ ያለው መጠን በመቶ ከ1.4 እስከ 7.6 ሲሆን ነው። ከዚህ ከበለጠ ኦክስጅን ያንሳል፤ ከዚህ ካነሰ ደግሞ ተኑ ይሳሳል። ነዳጁ ከላሜራው በታች ሲወርድ አየር ከሥሩ ይገባል፤ ባዶ ቦታም ይፈጠራል። ይህ ቦታ በመጀመሪያ ከልክ በላይ በተን የጠገበ ነው። አየር እየተነፋ ሲጸዳ ከጥጋብ ወደ ባዶነት ይሄዳል፤ በመንገዱም የግድ በአደገኛው መካከል ያልፋል። በዚያ ሰዓት በታንኩ አካባቢ ሰውም ሞተርም መኖር የለበትም።

የጋዝ መለኪያው ከዝቅተኛው የመቀጣጠያ ወሰን 10 በመቶ በታች እስካላሳየ፣ ኦክስጅኑም በመደበኛው መጠን እስካልተገኘ ድረስ ማንም አይገባም። ልኬቱም አንድ ጊዜ ብቻ ተወስዶ አይበቃም፤ ዝቃጩ ሲነካ እንደገና ተን ይለቃልና። ድኝ የበዛበት ድፍድፍ ነዳጅ በነበረበት ታንክ ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ጥቁር የብረት ሰልፋይድ ደግሞ ደርቆ አየር ሲያገኘው በራሱ ይግላል፤ ስለዚህ እስኪወገድ ድረስ በውሃ ይርሳል።

ከገቡም በኋላ ሁለት ነገሮች አይዘነጉም። አንደኛ፣ በተጣመሙ እግሮች ላይ የቆመ ጣሪያ ጠንካራ ድጋፍ ሳይደረግለት ማንም ከሥሩ አይሄድም። ሁለተኛ፣ የታንኩ አየር ንጹሕ ሆነ ማለት የፖንቱኑ ክፍሎችና ባዶ የሆኑት እግሮች ንጹሕ ናቸው ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ተለክቶ ለብቻው ካልተረጋገጠ ብየዳ አይታሰብም።

የተበሳው ተጠግኖ፣ የተጣመመው ተቀይሮ፣ ብየዳው በአየር መሳቢያ ሣጥን ከተፈተሸ በኋላ ታንኩ ውሃ ይሞላል። ያን ጊዜ ጣሪያው በአርኪሜድስ ሕግ፣ ያለ ገመድና ያለ ክሬን፣ በራሱ ጊዜ ከእግሮቹ ይነሣል። በውሃ ላይ ቀጥ ብሎ መንሳፈፉና የትኛውም ክፍል አለማፍሰሱ ሲረጋገጥ ብቻ ወደ ነዳጅ ሥራው ይመለሳል።

ለምን እናስታውሰው?

የሀገራችን ነዳጅ ከባሕር ማዶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ሲመጣ በታንኮች እያደረ ነው የሚደርሰን። ዛሬ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ከሚማሩት አንባቢያችን መካከል ነገ እንዲህ ያሉ ታንኮችን የሚነድፉ፣ የሚጠብቁና የሚጠግኑ ይኖራሉ። በክፍል ውስጥ እንደ ቀላል የሚታዩት የእፍጋት፣ የተንሳፋፊነትና የኤሌክትሪክ ሙል ትምህርቶች በዚያ ሥፍራ የሰው ሕይወት ያድናሉ።

የሰመጠ ጣሪያ በየዕለቱ ገንዘብ ያስከስራል፤ ነዳጁ ይተናል፤ ጎረቤት ያማርራል፤ አለቃ «መቼ ነው የሚያልቀው?» እያለ ይጠይቃል። ሠራተኛውን ወደ ጠርዙ የሚገፋው ይህ ግፊት ነው። የአበው ቃል «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል፤ ቤንዚንን ግን አፍስሶ መልቀም የለም። ከሁሉ የሚሻለው ቀደም ብሎ ከዝናቡ በፊት ቫልቩን ማየት፣ የፖንቱኑን ክዳን ከፍቶ መመልከት ነው። ያ ካልሆነና ጣሪያው ከሰመጠ ደግሞ ጣሪያው ባለበት ይቆይ፤ ነዳጁ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ ሰዎቹም በሰላም ወደ ቤታቸው ይመለሱ።